ሳላይ የፈረምኩት ወረቀት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ እንቢተኛ ቀኝ ጆሮዎ እንዴት ከረሙ? ከመኝታ ሲነሱ ወገብዎን ይይዝዎታል ብላ እህቴ ነግራኛለች፤ አሁንስ ተሻለዎት? እማዬስ እንዴት ናት? ደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ እንደ ልማዷ «እኔ ምን ሆኜ» እያለች ታመልጣችኋለች? የእህቴ ጨቅላ ጥርስ አወጣ? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። እጄም እግሬም ሙሉ ነው። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳላልፍ ግን ዘንድሮ የጎደለብኝ ነገር አለ፤ የምጽፍልዎም እሱን ነው።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ድምፅዎ እንደ ወትሮው አልነበረም። ናፍጣ የሚያመላልስልን የሰፈራችን ሾፌር ቤት ድረስ መጥቶ፣ ልጅዎ መብራት አጥፍታ ሰው ከመሬት በታች አስቀረች ብሎ እንደነገረዎት ከእህቴ ሰማሁ። ወሬ ከመኪና ይቀድማል የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ ከራሱ ከሾፌሩም ቀድሞ ሳይደርስ አይቀርም። በስልክ ላስረዳዎት ሞከርኩ። እርስዎ «እ?» ይላሉ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እማዬ ከወዲያ «ምን ሆነች?» ትላለች፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ከሥሩ ልጻፍልዎ። ሾፌሩ አልዋሸም፤ የነገረዎት ግን ግማሹን ነው። ያልነገረዎት ግማሽ ለእኔ የበለጠ ይከብደኛል፤ እሱን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈልግም።

መጀመሪያ ቦታውን በዓይነ ሕሊናዎ ይዩልኝ። ከዚህ እስከ ቅርቡ የመብራት ምሰሶ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ነው። ቀድሞ ሰባት ጄነሬተር ቀንና ሌሊት ያጓራ ነበር፤ በየአራት ቀኑ አንድ ቦቴ ናፍጣ ይጨርሱ ነበር። መንገድ ሲበላሽ ሥራ ይቆማል። አሁን አምስቱ ተነሥተዋል፤ በምትካቸው ከካምፑ በላይ ያለው ተዳፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ የፀሐይ ሰሌዳ ለብሷል። ከሩቅ ሐይቅ ይመስላል፤ ወፎች እንኳ ውሃ መስሏቸው እየወረዱ ያፍራሉ። ሰሌዳዎቹ ቀን የዕለቱን ሥራ ይሠራሉ፤ የተረፋቸውን በሦስት ኮንቴይነር ውስጥ የተደረደሩትን ባትሪዎች ያጠግባሉ። ሌሊት ባትሪዎቹ ይረከባሉ። ሁለት ጄነሬተር ብቻ ለክፉ ቀን ቀርተዋል። እርስዎ «ፀሐይ እህል ታሰጣለች እንጂ ወፍጮ አታዞርም» ብለው ስቀውብኝ ነበር። እዚህ ማዕድኑ ላይ የምታዞረው ድንጋይ የሚፈጭ ወፍጮ ነው አባባ፤ የእርስዎን ወፍጮ ቤት ከነጣሪያው ቢሰጡት ሳያስነጥሰው ይውጠዋል።

ወፍጮው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መቶ ሰማንያ ሜትር ወርደው ለሚቆፍሩት ሰዎች አየር የሚልከው ማራገቢያ፣ ከሥራቸው ውሃ የሚቀዳው ፓምፕ፣ የሚያወርዳቸውና የሚያወጣቸው አሳንሰር፣ ሁሉም የሚበሉት ከዚያው ማዕድ ነው። ከአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ለማን ስንት እንደሚደርሰው የምታይ እኔ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል።

ሁለቱን ጄነሬተሮች የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ጋሼ ናፍጣ ነው የምንላቸው። በመጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ሳቄ መጣ፤ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ከኋላ የሚጠርጉት ልክ እንደ እርስዎ ነው። ሞተር ሲሠራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። «የሰባት ልጆች አባት ነበርኩ፣ አምስቱን አስወጡብኝ» ይላሉ። በፀሐይ ሰሌዳዎቹ ቂም ይዘዋል፤ በእኔ ግን አልያዙም። ልጄ ነው የሚሉኝ። ምሳ ሰዓት ካለፈብኝ ሳህን ሸፍነው የሚያስቀምጡልኝ እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ወረቀቱ። በየወሩ ተጠባባቂው ጄነሬተር ጭነት ተሸክሞ አንድ ሙሉ ሰዓት እንዲሠራ ይደረጋል። መካኒኩ ያስነሣል፣ ኤሌክትሪሺያኗ ቆማ ታያለች፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሁለተኛው ጄነሬተር ሆዱ ተከፍቶ መለዋወጫ ይጠብቅ ስለነበር ተስፋችን አንዱ ብቻ ነበር። ባለፈው ጊዜ ጋሼ ናፍጣ ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ እኔ ከባትሪዎቹ ማቀዝቀዣ ጋር እታገል ነበር። «ሠርታለች ልጄ፣ እንደ ጠቦት ዝም ብላ ሠርታለች» አሉኝ። መጥቼ ልያት ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። በእርስዎ ዕድሜ ያሉትን፣ እጃቸው እንደ እርስዎ እጅ የተሰነጣጠቀውን ሰው «አስነሥተው ያሳዩኝ» ማለት «ውሸታም ነዎት» ማለት መሰለኝ። ፈረምኩ። ወረቀቱ «ለአንድ ሰዓት ስትሠራ ቆሜ አይቻለሁ» ይላል። አላየሁም።

ከፈረምኩ በሦስተኛው ሳምንት አቧራው መጣ። ነፋስ ቢሆን ይመጣል፣ ይሄዳል። ይሄኛው መጥቶ ተቀመጠ። ሰማዩ እንደ ድፍርስ ውሃ ሆነ፣ ፀሐይዋ የታመመ ሰው ዓይን መሰለች። ሰው ሲያወራ ጥርሱ መሀል አሸዋ ይንቋቋል። ሰሌዳዎቹ በደህና ቀን ከሚሰጡት አንድ አሥረኛውን እንኳ ሲሰጡ እያቃሰቱ ነው። ሁለት ቀን ከባትሪዎቹ ስንበላ ከረምን። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባትሪዎቹ ሠላሳ አንድ ከመቶ ቀራቸው። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄጄ ወፍጮውን እናቁመው አልኩት። ዋናው መሥሪያ ቤት የወሩን ምርት እየጠበቀ ነው፣ እስከ ምሳ ይፍጭ፣ ካነሰ ጄነሬተሩ አለ አለኝ። አቧራው ካልለቀቀስ ብዬ ስሟገት ከመደርደሪያው አንድ ማህደር አውጥቶ ከፈተልኝና በጣቱ አሳየኝ።

«ተፈትኖ የለ? ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

የእኔ ነበር አባባ። ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ወደ ክፍሌ ተመለስኩና ቁጥሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሃያ አምስት ሲደርስ ጋሼ ናፍጣን በሬዲዮ ጠርቼ ጄነሬተሩን ያስነሡ አልኳቸው። ተነሣች። ድምፅዋ በመስኮቱ ሲገባ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አራት ደቂቃ ሠራች። ከዚያ እንደሚያስለው ሰው ተንገጫግጫ ጸጥ አለች። ደግመው አስነሡ፣ ሦስተኛም ሞከሩ። በሬዲዮ «ቆይ፣ ቆይ ልጄ» ሲሉኝ ድምፃቸው የማላውቀው ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

ጭንቁ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ባትሪዎቹ አሥራ አምስት ከመቶ ሲደርሱ ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። ይሄ ወፍጮ ነው፣ ይሄ የሰው ትንፋሽ ነው ብለው አይለዩም። ከሥር ሃያ አራት ሰው አለ። ጠዋት ድንጋይ አፈንድተው ስለነበር ጭሱ ገና እየወጣ ነበር፤ ማራገቢያው ከቆመ ጭሱ ወደ እነሱ ይመለሳል። መሰላል አለ፤ ግን መሰላሉ የተዘረጋው ጭሱ በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚያ ውጡ ማለት እሳት ላይ ሂዱ ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ የጄነሬተሩን መጥፋት ሰምቶ በሬዲዮ ገባ። ወፍጮው በሙሉ ሆዱ ከቆመ ውስጡ ያለው ጭቃ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፣ ቀስ እያልን እናራግፈዋለን፣ ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ ሳልፈቅድ እንዳትነኪው አለ። ይህን ሲል ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ሰምቷል። ቁጥሩ ሃያ ሁለት ነው። ግማሽ ሰዓት የለኝም። እጄ ቀደመኝ፤ ማብሪያውን ወደ ታች ካወረድኩ በኋላ ነው አፌ የተከፈተው።

«ጌታዬ፣ አጥፍቼዋለሁ።»

ያ ወፍጮ ሲቆም የሚመጣው ጸጥታ ጆሮ ያማል። ከዚያ ቢሮውን፣ ወጥ ቤቱን፣ የሥጋ ማቀዝቀዣውን፣ የመኝታ ክፍሎቹን፣ የስልክ ማማውን ሳይቀር ዘጋሁ። ያን ቀን እህቴ ደውላ «አልነሣ አለች» ብላ ያዘነችብኝ ለዚህ ነው። ማራገቢያው፣ ፓምፑና አሳንሰሩ ብቻ ቀሩ።

አሳንሰሩ በአንድ ጊዜ ስድስት ሰው ይይዛል፤ አራት ምልልስ ማለት ነው። የፈረቃው አለቃ ቀጭኔ የምንለው ረጅም ሰው ነው፤ በር ሲገባና ሲወጣ ቆቡን የማይገጭበት ቀን የለም። ወደ ሥር በሚሄደው ስልክ ሰዎቹን አሰልፋቸው አልኩት። ሳይጠይቅ አሰለፈ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወጡ። ሁለተኛዎቹ ወጡ። እያንዳንዱ ምልልስ ከባትሪው ሁለት ሁለት እየገመጠ ይሄዳል። ሦስተኛው ሲነሣ ግን መብራቱ ሁሉ ብልጭ ድርግም አለ፣ ቁጥሮቹ ወርደው ተመለሱ፤ ነፍሴ አብራ ወርዳ የተመለሰች መሰለኝ። አሥራ ስምንት ሰው ወጣ። ቁጥሩ አሥራ ስድስት ሆነ። ቀጭኔና አምስት ሰዎች ቀሩ።

አራተኛውን ባስነሣ ምናልባት ይወጡ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ አሳንሰሩ ሲነሣ ባትሪዎቹ ሁሉን ዘግተው፣ ስድስቱ ከምድርም ከሰማይም ሳይሆኑ መሀል ጉድጓድ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ማራገቢያውም አብሮ ይሞታል። ማራገቢያውን ብቻ ከያዝኩ ትንሽ ጊዜ አለኝ፤ ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ በሬዲዮ አውጫቸው፣ አውጫቸው እያለ ነው። ስልኩን አነሣሁና ለቀጭኔ ሁሉንም እንዳለ ነገርኩት፤ ምንም አልሸሸግኩትም። ከጀርባው የማራገቢያው ነፋስ ይሰማኛል።

«አንቺ እዚህ ብትሆኚ ትሳፈሪ ነበር?» አለኝ።

«አልሳፈርም። የአየር ቱቦው አፍ ሥር እቀመጥ ነበር።»

«እንግዲያው ተቀምጠናል» አለና ስልኩን ዘጋው።

አባባ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያ ሰው እንደ ወንድሜ ነው።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ጭልፋ የምንላት ሴት ናት። ምድጃዋን ስለዘጋሁባት ልትሰድበኝ መጥታ በር ላይ ቆማ ሰምታን ኖሯል። ምን ልርዳሽ አለችኝ። ሰሌዳዎቹ ላይ የተኛው አቧራ ቢነሣልኝ አልኳት። ደረቅ አቧራ መፈግፈግ መስታወቱን ይጭረዋል ብዬ እኔው ራሴ ስንት ጊዜ የከለከልኩት ነገር ነው። ይጫር አልኩ። እሷ ወጥታ ስትጮህ ካምፑ በሙሉ ወደ ተዳፋቱ ወጣ። መጥረጊያ ያለው በመጥረጊያ፣ የሌለው በብርድ ልብስ፣ በጆንያ፣ በሸሚዙ። አሁን የወጡት አሥራ ስምንት ሰዎች ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። ነርሷ እየሮጠች ተቀመጡ ትላቸዋለች፤ የሚሰማት የለም።

እኔ መውጣት አልችልም። ወንዝ ዳር ቆሞ ልጁ ሲሻገር እንደሚያይ ሰው ቁጥር አያለሁ። ማራገቢያው ስድሳ ኪሎዋት ይፈልጋል። ሰሌዳዎቹ የሚሰጡኝ ሠላሳ ስምንት ነው። አርባ ሆነ። አርባ አራት። የመጨረሻውን ረድፍ ጠርገው ሲጨርሱ በመጀመሪያው ላይ አቧራ እንደገና ተኝቷል፤ ዞረው ይጀምራሉ። አርባ ሰባት። ባትሪው ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ አምስት ነጥብ ስድስት ወረደ። ፓምፑን ዘጋሁት። ውሃው እየሞላ እግራቸውን ሊነካ እንደሚችል ለቀጭኔ ነገርኩት፤ ቦቲ ለምን የተሠራ ይመስልሻል አለኝ። አሥራ አምስት ነጥብ አራት።

ጋሼ ናፍጣን በሬዲዮ ስጠራቸው አይመልሱም። ጭልፋን በመስኮት ተጣርቼ ወደ ጄነሬተሩ ቤት ላክኋት። ከሬዲዮው የወጣው የእሷ ድምፅ ነበር፤ ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የናፍጣ ማጣሪያውን ጭናቸው ላይ ይዘው፣ በጣታቸው ይዳብሳሉ። ዓይናቸው አያይም አለችኝ። እኔ ቁጥሬ ላይ ዓይኔን እንደተከልኩ ቀረሁ። ዓመት ሙሉ በእጅና በጆሮ ሲሠሩ ኖረው ማናችንም አላወቅንም። ለካ እኔ በፈረምኩበት ወር ጄነሬተሩን ያስነሡት ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ከቆየች አንዱ መጥቶ «መለኪያዋ ስንት ያነባል?» ይለኛል ብለው ፈርተው። ከማጣሪያው ሥር ያለችውን የመስታወት ጽዋ ያውቋታል፤ ውሃ ከናፍጣ ሲለይ የሚታይባት። በውሃ ተሞልታ ነበር። ማየት ለሚችል ሰው ከበር ይታያል።

ጭልፋ ዓይን ሆነችላቸው። ሬዲዮውን ክፍት አድርጋ ትታው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ውሃውን አፈሰሱ፣ አዲስ ማጣሪያ አጠለቁ፣ ከመስመሩ አየር ማስወጣት ጀመሩ። እሳቸው በእጃቸው ይገፋሉ፣ «አሁንስ ምን ይታይሻል?» ይሏታል። «አረፋ» ትላለች። «አሁንስ?» «አረፋ።» ይህን ስንት ጊዜ እንዳሉት አልቆጠርኩም። አሥራ አምስት ነጥብ ሁለት ላይ ቆሜአለሁ። ነፋሱ ትንሽ ረገብ ብሎ ሰሌዳዎቹ ሃምሳ ስምንት ደርሰዋል፤ ሚዛን ላይ እንደተቀመጠ እህል አንድ ፍሬ ወዲህ፣ አንድ ፍሬ ወዲያ። «አሁንስ?» አሉ። «አረፋ የለውም፣ ንጹሕ ነው» አለች።

ተነሣች። እኔ ግን የሞተሯን ድምፅ ስሰማ አልተደሰትኩም፤ አራቱን ደቂቃ አልረሳሁም። ማራገቢያውን አሸከምኳት፣ ፓምፑን ጨመርኩላት፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኋት። አልሳለችም። ከዚያ ቀጭኔን ተሳፈሩ አልኩት። ስድስቱ ሲወጡ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በመስኮት አየኋቸው። ቀጭኔ ከአሳንሰሩ ሲወጣ ቆቡን ከበሩ ጋር ገጨ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሾፌሩ የነገረዎት እንግዲህ ይህ ነው፤ አዎ፣ መብራት አጥፍቻለሁ፤ አዎ፣ ሰው ከሥር አስቀምጫለሁ። ማንም አልሞተም። አሁን ወደ ቀረው ልምጣ።

ወፍጮው እንደተባለው ጠጥሮ ደረቀ። በመዶሻና በመሮ ለመፈልፈል ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ሥራ አስኪያጁ በመንገድ ሲያልፈኝ አያየኝም ነበር። መርማሪዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት ሊመጡ መሆኑ ሲሰማ ግን ቢሮው አስጠራኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ጤናሽ እንዴት ነው አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ የሚመጣው ገብቶኛል። ሽማግሌው ዓይናቸው አይሠራም፣ ነገራቸው ያለቀ ነው አለኝ። ፊርማሽ ወረቀቱ ለመድረሱ እንጂ ለማየትሽ አይደለም ብትዪ ማንም አይጠይቅሽም፤ እኔም ያለ ፈቃድ ወፍጮ ስለማጥፋትሽ አላነሣም፤ አንቺም ስለ ሬዲዮው ባታነሺ ጥሩ ነው አለኝ። በቀጣዩ ወር ዋና ኤሌክትሪሺያን ትሆናለች ተብሎ ስሜ ተልኮ እንደነበር ያውቃሉ። እሱንም አስታወሰኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ወዲያው እንቢ አላልኩም። ላስብበት አልኩ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። አንዱ ሐሳቤ፣ የዋሹትስ እሳቸው አይደሉም ወይ ይለኛል፤ ሌላው፣ ሳታይ የፈረምሽውስ አንቺ አይደለሽም ወይ ይለኛል። ሁለተኛው ቀን ላይ ጋሼ ናፍጣ ራሳቸው በር አንኳኩ። ሰምተው ኖሯል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ እያዞሩ፣ በእኔ አሳብቢ ልጄ አሉኝ። ዓይኔን ደብቄ ሰው ልፈጅ ነበር፣ የሚገባኝ ነው፣ አንቺ ገና ብዙ ቀን አለሽ አሉኝ። ካምፑ ውስጥ እየተንገዳገዱ ሲሄዱ ከኋላቸው አየኋቸው። እሳቸው እንዲህ ባይሉኝ ምናልባት አደርገው ነበር። ይህቺን ብቻ ለማንም አልነገርኩም፤ ለእርስዎ ነው።

መርማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ሸምገል ያለች መሐንዲስ ናት። በምግብ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጡኝ። ወረቀቱን ከፊቴ አድርጋ ፊርማሽ ነው ወይ አለችኝ።

«የእኔ ነው። ስትሠራ ግን አላየሁም። መጠየቅ አፍሬ ነው የፈረምኩት።»

ከዚያ የሬዲዮውን ትእዛዝ ነገርኳት፣ የሁለት ቀኑን ሐሳቤንም ሳይቀር። ቀና ብላ አላየችኝም። እስክሪብቶዋ ወረቀት ላይ ሲሄድ እሰማለሁ፤ እንዲህ ያለ ረጅም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ስወጣ ቀጭኔ በር ላይ ነበር፤ እሱና አምስቱ ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ውሳኔው የደረሰው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ከመቆጣጠሪያው ክፍል ለስድስት ወር ተነሥቻለሁ፤ ስሜም ከዕድገቱ ተሰርዟል። አሁን ተዳፋቱ ላይ ነኝ፣ ሰሌዳ ለሰሌዳ እየዞርኩ ሽቦ እጠግናለሁ፣ እኔው ያስጫርኩትን መስታወት እቆጥራለሁ። ፊቴ ከስሏል፣ ሲያዩኝ እንዳይደነግጡ። ሥራ አስኪያጁ ተዛውሯል፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሚያውቅ የለም። ማራገቢያው ለብቻው አንድ ኮንቴይነር ባትሪ ተሰጥቶታል፤ ወፍጮው አይነካበትም። ወፍጮውም ባትሪው አርባ ሲደርስ ማንንም ሳያስፈቅድ በራሱ ይቆማል። የጄነሬተሩን ፈተና ደግሞ ከሥር የሚሠሩት ሰዎች ተወካይ ቆሞ ካላየ ወረቀቱ ወረቀት አይደለም። ባለፈው ሳምንት ቀጭኔ ሰዓቱን ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊቷ ቆመ፤ ሲጨርስ ጆሮዬ ጠፋ እያለ መጣ።

አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተቆጥተው ሳይሆን አስበው ይመልሱልኝ። እርስዎ በወፍጮ ቤትዎ ሳሉ አንዲት ልጅዎን የምታህል ሴት መጥታ «ይቅርታ፣ አስነሥተው ያሳዩኝ» ብትልዎ ይቀየሟት ነበር? ታላቅን ማፈር ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ፤ አልወቅሳችሁም። ግን የት ላይ መቆም እንዳለበት አላወቅኩም ነበር፤ ያን ያወቅኩት በሃያ አራት ሰው ነፍስ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎ ጋሼ ናፍጣ ናቸው። በጡረታ ተሰናብተዋል፤ ዓይናቸው ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ስለተባለ በእናንተ በኩል አልፈው ወደ ሐኪም ይሄዳሉ። አንድ ቀን እናንተ ዘንድ ይደሩ። ደብዳቤውን በእጃቸው ሳስይዛቸው ምን ብለሽ ጻፍሽ አሉኝ፤ አባቴ ያነብልዎታል አልኳቸው። እርስዎ አይሰሙም፣ እሳቸው አያዩም፤ ተቀራርባችሁ ተቀመጡና ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ስለ እሳቸው የጻፍኩትን አንድም ቃል እንዳይዘሉ። ስለ ራሴ የጻፍኩትንም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ስለ አሳንሰሩ ለእሷ የሚነገረውን እርስዎ መጥነው ይንገሯት። እህቴን ስልክ ያላነሣሁት ስለ ምን እንደነበር ንገሩልኝና ኩርፊያዋን ትርሳ፤ ጨቅላውን ሁለት ጉንጩን፣ ባሏንም እጁን ጨብጡልኝ። አክስቴን የላከችልኝ ሹራብ ለዚህ ነፋስ ልክ ነው በሏት። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውና ለቤተሰቡ ሰላምታዬን አድርሱ። ሾፌሩንም ሰላም በሉልኝ፣ አልተቀየምኩም፤ ከእንግዲህ ግን ወሬውን ሲጀምር እንዲጨርሰው ንገሩት። እርስዎንም እግርዎን ስሜ፣ መልስዎን እየጠበቅኩ ነው።

ወዳጅዎና ልጅዎ፣
ከማዕድኑ ካምፕ፣ ከሰሌዳዎቹ ተዳፋት ሥር
መጋቢት ፲፯ ቀን